ሰሊጥን የሚያውቅ ሒሳብ ሠራተኛ፦ ባዮሎጂን በማይነር ስለ መማር

በአብደራፊ ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርት



አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠይቀው «ምን ደረሰህ?» ብሎ ነው። አካውንቲንግ ወይም ሕግ፣ ሲቪል ምሕንድስና ወይም ኢኮኖሚክስ ሲል ቤተሰብ ይመርቃል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። «ከእሱ ጋር ደግሞ ምን ትማራለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የዛሬው ትምህርቴ ስለዚህ ስላልተጠየቀው ጥያቄ ነው። ከዚህ ቆላ የወጣ ወይም ወደዚህ ቆላ ሊሠራ የሚመጣ ተማሪ፣ ዋና ትምህርቱ ምንም ይሁን ምን፣ ባዮሎጂን ሁለተኛ ትምህርቱ ቢያደርግ ለራሱም ለአገሩም ይበጃል እላለሁ። ከመተማ እስከ አብደራፊ ገንዘብ የሚገኘው ከተክል ነው፤ ሰው የሚታመመው በነፍሳትና በጥገኛ ተሕዋስያን ነው፤ መንገዱ የሚቆረጠውም በሚያብጥና በሚሰነጠቅ አፈር ላይ ነው። እዚህ በማናቸውም ሙያ የሚሠራ ሰው ቢያውቀውም ባያውቀውም ሥራው ባዮሎጂ ውስጥ ነው።

ማይነር ምን እንደሆነ ለወላጆች ልንገር። ተማሪው የሚመረቅበት ዋና ትምህርት ሜጀር ይባላል። ከዚያ ጎን ለጎን ከሌላ ትምህርት ክፍል ጥቂት ኮርሶችን፣ ብዙ ጊዜ አምስት ወይም ስድስት፣ በቅደም ተከተል ወስዶ የሚይዘው ሁለተኛ ትምህርት ማይነር ነው። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት የሚሠለጥን ተማሪ ሜጀርና ማይነር ይዞ ይወጣ ነበር። ኬሚስትሪ ያጠናው መምህር ባዮሎጂም ሲያስተምር ያየን ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለን። በኋላ የዲግሪው ጊዜ ከአራት ወደ ሦስት ዓመት ሲያጥር ለሁለተኛ ትምህርት የሚተርፈው ሰዓት ጠበበ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ ግን አጠቃላይ ባዮሎጂ በተፈጥሮ ሳይንስ ለሚገቡ ተማሪዎች ከሚሰጡት ኮርሶች አንዱ ሆነ። ብዙው ተማሪ ይህን ኮርስ ፈተናውን አልፎ ይረሳዋል። እኔ የምጠይቃችሁ ከዚያ እንድትቀጥሉ ነው።

ከሰሊጥ ማሳ እስከ ጣፊያ

ምክንያቴን በወሬ ሳይሆን በማሳው ላሳይ። በመስከረም መጨረሻ አንድ የሰሊጥ አገዳ ነቅላችሁ ተመልከቱ። ከታች በኩል ያለው የዘር ማቀፊያ ቢጫ ሆኗል፣ መካከሉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ አበባ ሊኖር ይችላል። አንዱ ተክል አበባውንም፣ ለጋውንም፣ የበሰለውንም በአንድ ጊዜ ይሸከማል። የደረሰውን ማቀፊያ በጥፍራችሁ ብትሰነጥቁት ዘሩ በረድፍ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ሲደርቅ ማቀፊያው ከጫፉ ራሱን ይከፍታል፤ ነፋስ ሲወዘውዘው ዘሩ መሬት ላይ ይፈስሳል።

ለተክሉ ይህ መራቢያው ነው፤ ዘሩን የሚበትነው በዚህ መንገድ ነው። ለገበሬው ግን የዓመት ልፋት መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ሰሊጥ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ይታጨዳል፣ ነዶው ሂላ በሚባል ክምር ቆሞ ይደርቃል፣ ከዚያ ተገልብጦ ይራገፋል። የአጨዳው ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ ጥቂት ቀን የዘገየ ዘሩን ለመሬት ይከፍላል። በ1943 እ.ኤ.አ. ዴራልድ ላንግሃም የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በቬንዙዌላ ማቀፊያው የማይከፈት የሰሊጥ ተክል አገኘ፤ ባሕርዩ ከአንድ ድብቅ ዘረመል የሚወረስ ነበር። በማሽን የሚታጨድ ሰሊጥ የማራባቱ ጥረት በዚህ ግኝት ተበረታታ። እኛ ዘንድ ሰሊጥ ዛሬም በአብዛኛው የሚታጨደው በእጅ ነው።

ያ ሁሉ እጅ የሚመጣው ከደጋ ነው። ለአረምና ለአጨዳ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ወደ ሁመራ፣ ወደ አብደራፊና ወደ መተማ ይወርዳል። ከሚወርዱት አንዳንዶቹ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ቀርተው ሳሉግ ይሆናሉ፤ ብዙዎቹ ደመወዛቸውን ይዘው ወደ ቀያቸው ይመለሳሉ። ቀን በግራር ጥላ ያርፋሉ፣ ሌሊት በካምፑ ወይም ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ከሥራቸው ያለው ዋልካ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በዚያ ስንጥቅ ውስጥና በግራርና በበደኖ ዛፍ ሥር የአሸዋ ዝንብ ይኖራል። ርዝመቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከወባ ትንኝ በብዙ ያንሳል፣ ሲበር ድምፅ የለውም፣ በመድኃኒት ያልተነከረ አጎበር ቀዳዳውን አልፎ መግባት ይችላል። ደም የምትመጠው ሴቷ ናት። ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ወደ ሰው የሚገባው በእሷ ንክሻ ነው፤ በሽታውም ካላዛር ነው።

ይህችን ከተማ በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ያስጠራት ካላዛር ነው። አብደራፊ ጤና ጣቢያ ውስጥ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት ካላዛርንና የእባብ ንክሻን ሲያክሙ ኖረዋል። በሽታው ከሁለት ሳምንት የሚበልጥ ትኩሳት፣ የሰውነት መመንመንና የደም ማነስ ያመጣል፤ ጣፊያ አብጦ ከጎድን አጥንት በታች ወጥቶ በእጅ ይዳሰሳል። ካልታከመ ከመቶ ዘጠና አምስት በላይ የሚሆነውን ሕመምተኛ ይገድላል። በላቦራቶሪ ከጣፊያ ወይም ከአጥንት መቅኒ በመርፌ የተወሰደው ናሙና መስታወት ላይ ተቀብቶ፣ በጊምሳ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በሴሎቹ ውስጥ እንቁላል መሰል ጥቃቅን አካላት ተጠቅጥቀው ይገኛሉ። እያንዳንዱ በውስጡ ሁለት ነጥብ አለው፤ ትልቁ ኒውክለሱ ነው፣ ትንሹ ዘንግ መሰል ነጥብ ኪኔቶፕላስት ይባላል። ቴክኒሻኑ ሁለቱን ነጥቦች ሲያይ ብቻ ነው ተሕዋሱን አገኘሁ የሚለው። ዊልያም ሌይሽማንና ቻርልስ ዶኖቫን በ1903 እ.ኤ.አ. ከሕንድ ሕሙማን በተወሰደ ናሙና ላይ ያዩትና ለዓለም ያስታወቁት ይህንኑ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቆላ ላይ አያበቃም። ካላዛር ምልክቱን የሚያሳየው ከንክሻው በኋላ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ነው። ሠራተኛው በዚያን ጊዜ ከሰሊጡ ማሳ ሩቅ፣ ደጋ ቤቱ ገብቷል። በ2004 እና በ2005 እ.ኤ.አ. በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በአዲስ ዘመን አካባቢ፣ ብዙ ሰው በማይለቅ ትኩሳት ታመመ። አገሩ ደጋ በመሆኑ ካላዛር የጠረጠረ አልነበረም። መጀመሪያ መድኃኒት የተለማመደ ወባ መስሎ ታከመ፤ ብዙ ሰው ሞተ። ካላዛር መሆኑ ከታወቀ በኋላ ከሁለት ሺህ በላይ ሕሙማን ታከሙ። ተሕዋሱን ወደዚያ ያደረሱት ከመተማና ከሁመራ ቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀረ የመረመሩት ባለሙያዎች ያምናሉ። በዚያው ወረዳ የተደረገ ጥናትም ቀን በግራር ሥር መተኛትና ሌሊት ደጅ ማደር አደጋውን እንደሚጨምር አሳየ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ይህ ነው፤ ያልተጠረጠረውም እውቀቱ በአንድ ሙያ ሰዎች ጓዳ ብቻ ስለነበረ ነው።

ሰንሰለቱን ልብ በሉት። የሰሊጥ ማቀፊያ ራሱን ስለሚከፍት አጨዳው ብዙ እጅ ይጠይቃል፤ እጁ ከደጋ ይመጣል፤ የደጋው ሰው ከካላዛር ጋር ተገናኝቶ ስለማያውቅ አካሉ መከላከያ አላበጀም፤ ታሞ ወደ አገሩ ይመለሳል። የአንድ ተክል ጠባይ የሥራ ገበያውን ይወስናል፣ የሥራ ገበያው ደግሞ የአንድን ሩቅ ወረዳ ጤና ይወስናል። ይህን ሰንሰለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት የአንድ ትምህርት ክፍል ሥራ አይደለም።

ለየሙያው ምን ይጠቅማል?

አሁን በየሙያው ልለፍ። የእርሻ ድርጅት ሒሳብ የሚይዝ ወጣት መዝገቡ ላይ «የጉልበት ሠራተኛ ወጪ» ብሎ የሚጽፈው ደመወዝን፣ ምግብንና መጓጓዣን ነው። በአጨዳ ወቅት በወባ የተኛ ሠራተኛ፣ ሳይታጨድ የፈሰሰ ሰሊጥ፣ ለተተኪ ሰው የተጨመረው ክፍያ በየቦታው ተበታትነው ስለሚመዘገቡ በሽታ ምን ያህል እንዳስከፈለ ማንም አይደምረውም። ትንኝ መቼ እንደምትፈላ፣ የአሸዋ ዝንብ የት እንደሚያድር የሚያውቅ ሒሳብ ሠራተኛ ግን ለባለሀብቱ «በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ብንገዛ፣ ካምፑን ከግራሩና ከስንጥቁ ብናርቀው ወጪው ይህን ያህል፣ የሚያድነው ይህን ያህል» ብሎ በቁጥር ማቅረብ ይችላል። የባንክ ብድር ሠራተኛም እንደዚሁ ነው። የሰሊጥ አበዳሪ ሰሊጥ የሚበላውን ትልና ዘር የሚመጠውን ተባይ ካላወቀ የሚያበድረው በዕድል ላይ ነው።

ወደ ሕግ ተማሪው ልሂድ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሲተረጉም፣ ሥራው በሚሠራበት አካባቢ በብዛት የሚገኝን ነዋሪ ወይም ወረርሽኝ በሽታ፣ በሽታውን በማጥፋት ሥራ ላይ ከተሰማሩት ሠራተኞች በስተቀር፣ ከትርጉሙ ውጭ ያደርገዋል። ከጋይንት ደጋ ወርዶ እዚህ ካምፕ ውስጥ በካላዛር የተያዘ ሠራተኛ ካሳ ይገባዋል ወይስ አይገባውም? በሽታው ለአካባቢው ነዋሪ ነው፣ ለእሱ አገር ግን አይደለም፤ ወደ ንክሻው ያደረሰውም የተሰጠው ማደሪያ ነው። ይህን ክርክር በቅንነት መከራከር የሚችለው፣ ሕጉ ይሻሻል ብሎ ሐሳብ ማቅረብም የሚችለው፣ የበሽታውን መተላለፊያና ከንክሻ እስከ ምልክት ያለውን ጊዜ የተማረ የሕግ ሰው ነው። አንቀጹን ብቻ ያነበበ ጠበቃ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

መንገድ የሚሠራው መሐንዲስ ለድልዳሎ አፈር ሲቆፍር ጉድጓድ ይተዋል። አኖፌለስ አራቢየንሲስ የተባለችው ዋነኛዋ የወባ ትንኝ የምትወደው ደግሞ ፀሐይ የሚያርፍበትን፣ ትንሽና ጊዜያዊ ኩሬ ነው። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ማውጣት በሞቃት አገር ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ውኃው በጥቂት ቀን የሚደርቅበት ጉድጓድ ትንኝ አያወጣም፤ ሁለት ሳምንት የሚያቁረው ያወጣል። ይህን ያወቀ መሐንዲስ የጉድጓዱን ቁልቁለትና የፍሳሹን አቅጣጫ ሲነድፍ ያስበዋል፤ ለሥራው የሚጨምረው ወጪም ትንሽ ነው።

ዕቃ ግዥና አቅርቦት የምትማሩ ደግሞ የእባብ መርዝ መድኃኒቱን አስቡ። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ጎንበስ ብሎ በእጁ የሚያጭድ ሰው እባብ ይነድፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንክሻን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ሳኖፊ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለአፍሪካ እባቦች ይሠራው የነበረውን ፋቭ አፍሪክ የተባለ መድኃኒት ማምረት በ2014 እ.ኤ.አ. አቆመ፤ የመጨረሻው ምርት ጊዜ ያለፈበት በሰኔ 2016 እ.ኤ.አ. ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው የተወሰኑ እባቦችን መርዝ ፈረስ ላይ በመውጋት ከሚገኘው የመከላከያ ፈሳሽ ስለሆነ፣ ለሕንድ እባብ የተሠራው ለአፍሪካ እባብ መፍትሔ አይሆንም። በርካሽ የተገዛ የተሳሳተ ብልቃጥ መጋዘን ይሞላል፣ ሰው ግን አያድንም። የግዥ ሠራተኛው «የየትኛው እባብ መርዝ ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚችለው ባዮሎጂ ሲነካካ ነው።

ለስታትስቲክስና ለኮምፒዩተር ተማሪዎችም የሚሆን አለ። ካላዛርን በጣት ደም የሚመረምረው ፈጣን መመርመሪያ፣ አርኬ 39 የሚባለው፣ በሕንድ የሚሰጠው ውጤት በምሥራቅ አፍሪካ ከሚሰጠው የተሻለ ነው፤ እዚህ ታማሚ ሆነው ሳለ «የለባችሁም» የሚላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ሕክምናውም እንዲሁ ይለያያል። በሕንድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠው አምቢሶም የተባለው መድኃኒት እዚህ በቂ ስላልሆነ ለምሥራቅ አፍሪካ በ2010 እ.ኤ.አ. የተመከረው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን ለ17 ቀን አንድ ላይ የሚሰጡበት ሕክምና ነው። ኤችአይቪም ላለባቸው ሕሙማን አምቢሶምንና ሚልቴፎሲንን አጣምሮ የመስጠቱ ሙከራ የተካሄደው በጎንደርና በዚህችው በአብደራፊ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. መመሪያው ይህንን አካሄድ ለምሥራቅ አፍሪካ አስገባ። ከዚህች ከተማ ሕሙማን የተሰበሰበ መረጃ የዓለምን መመሪያ ለወጠ ማለት ነው። ያን መረጃ የሚሰበስቡ፣ የሚያጸዱና የሚተነትኑ ልጆች ከዚሁ ሊወጡ ይገባል።

እጣን፦ ለኢኮኖሚክስ ተማሪው

በመተማና በቋራ ቆላ የሚበቅለው የእጣን ዛፍ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ገበሬው ቅርፊቱን በጥቂት ቦታ ይፍቃል፣ የሚወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ ሲደርቅ እጣን ይሆናል፣ በየጥቂት ሳምንቱ ተመልሶ ቁስሉን ያድሳል። በኩንታል ብቻ የሚያይ ነጋዴ የሚያየው የዓመቱን ምርት ነው። በመተማ አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን የተከታተሉ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ደኑ ውስጥ ትላልቆቹ ዛፎች አሉ፤ ከችግኝ ወደ ዛፍ የሚያድግ ወጣት ግን የለም ማለት ይቻላል። እሳትና ልቅ ግጦሽ ችግኙን ይጨርሱታል፣ ትልቁን ዛፍ ደግሞ ግንድ የሚቦረቡር ጥንዚዛ ያጠቃዋል። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ምርቱ በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይወርዳል፣ የዛፉ ብዛት ደግሞ በ50 ዓመት ውስጥ ከመቶ ዘጠና ያህል ይቀንሳል ብለው ገመቱ።

ኢኮኖሚክስ ብቻ የተማረ ሰው ከዋጋው ተነሥቶ ብዙ ፍቁ ሊል ይችላል። የዕፅዋት ሥነ ሕይወትን ያከለበት ሰው ግን ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር ነገ ባዶ እንደሚሆን ያውቃል። የተወሰነውን ደን ለጥቂት ዓመት ከከብትና ከእሳት ዘግቶ ማቆየት ዛሬ የሚያስቀረውን ገቢና ከዓመታት በኋላ የሚመልሰውን እኩል አስልቶ ለማኅበሩ ያቀርባል። ሁለቱን ዕውቀት በአንድ ራስ የያዘ ሰው ለጉዳዩ የሚሰጠው ምክር፣ ሁለት ባለሙያዎች በየፊናቸው ከሚጽፉት ሁለት ሪፖርት ይበልጣል።

ቀድመውን የሄዱበት መንገድ

ይህ ዓይነቱ አስተሳሰብ በአገራችን ሥር አለው። በ1953 እ.ኤ.አ. በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1954 እ.ኤ.አ.፣ ጎንደር ላይ የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የወጣ ነው። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን በአንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። መጸዳጃና ምንጭ የሚሠራው ሰው ስለ ተሕዋስ ተምሯል፣ መርፌ የምትወጋዋ ነርስ ስለ ውኃ ተምራለች። ወረርሽኙ ያስተማረው ሕይወትን የሚመለከት እውቀት ለአንድ ሙያ ብቻ መተው እንደሌለበት ነበር።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማንም አስታውሱ። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ነውና፣ ከዘመናት በፊት ጀምሮ ለሳሙናነት የምንጠቀምበት እንዶድ በሽታውን መከላከያ ሊሆን እንደሚችል ገባቸው። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ተቋም የመሠረቱትም እሳቸው ናቸው፤ የአሸዋ ዝንብንና ካላዛርን በኢትዮጵያ ቀድመው ካጠኑት አንዱም ነበሩ። እንዶድን ሁሉም አጣቢ ያውቀው ነበር፣ ቀንድ አውጣውንም ሐኪሞች ያውቁት ነበር። ሁለቱን ያገናኘው ሁለቱንም የሚያይ ሰው ወንዙ ዳር መቆሙ ነው።

እንዴት ይጀመራል?

አሁን ለተማሪዎቹ በቀጥታ ልናገር። ዩኒቨርሲቲያችሁ ማይነር በይፋ የሚመዘግብ ከሆነ በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ የሬጅስትራር ደንቡን ጠይቁ፤ ስንት ክሬዲት፣ የትኞቹ ኮርሶች በቅድሚያ፣ ውጤቱስ ከአማካዩ ጋር ይደመር እንደሆነ። በይፋ የማይመዘግብ ከሆነ በምርጫ ኮርስ ስም፣ ይህም ካልተቻለ ከመምህሩ ፈቃድ አግኝቶ ገብቶ በማዳመጥ መማር ይቻላል። ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ የሚሠራው ግን እውቀቱ ነው።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ብታደርጉት እመክራለሁ። መጀመሪያ አጠቃላይ ባዮሎጂን በደንብ፣ በተለይ ሴልና ውርስን ያዙ። ቀጥሎ ሥነ ምኅዳር ማለትም ኢኮሎጂ፤ የሰሊጡን፣ የዝንቡንና የሠራተኛውን ሰንሰለት ማሰብ የሚያስተምራችሁ እሱ ነው። ከዚያ ማይክሮባዮሎጂ ወይም ጥገኛ ተሕዋስያንን የሚያጠናው ፓራሲቶሎጂ። አራተኛው ዘረመል፣ አምስተኛው ባዮስታትስቲክስ ይሁን። ስድስተኛውን እንደ ዋና ትምህርታችሁ ምረጡ፤ የእርሻ ኢኮኖሚ ለሚማር ዕፅዋት፣ ለመሐንዲስ የነፍሳት ጥናት፣ ለሕግ ተማሪ የአካባቢ ጥበቃ ይስማማዋል። ላቦራቶሪና የመስክ ሥራ ያለውን ኮርስ አትሽሹ። ማይክሮስኮፕ ያላየና ትል ያልሰበሰበ ተማሪ ባዮሎጂን በቃላት ብቻ ነው የሚያውቀው።

የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ችግር እንዳለባችሁ አውቃለሁ። ከአሥራ አንደኛ ክፍል ጀምሮ ከባዮሎጂ ርቃችኋል፣ በመጀመሪያው ዓመትም ኮርሱ አይሰጣችሁም። ለእናንተ የምለው በክረምቱ የዘጠነኛንና የአሥረኛን ክፍል መጽሐፍ እንደገና አንብባችሁ ጀምሩ ነው። እዚህ አካባቢ ላደገ ልጅ ምሳሌው ሁሉ ደጁ ላይ ስላለ ከሌላው ይቀልለዋል።

ወላጆች የሚያነሡት ሥጋትም ተገቢ ነው። «ዋናውን ትምህርት ይጎዳበታል፣ ባዮሎጂ ተምሮ ሥራ ያጣ ስንት አለ» ይላሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፣ ፈተናውም በዋናው ትምህርት ነው። ስለዚህ በአንድ መንፈቅ ከአንድ ኮርስ በላይ አትጨምሩ፤ ዋናው ውጤት ዝቅ ካለ በዚያ መንፈቅ ማይነሩን አቁሙ። ማይነር ብቻውን ሥራ አያስቀጥርም፤ ይህንን በግልጽ ልንገራችሁ። ጥቅሙ የዋናውን ሙያ ዋጋ መጨመሩ ነው። አሥር ሒሳብ ሠራተኞች ለአንድ የእርሻ ድርጅት ሲወዳደሩ፣ ሰሊጡ ለምን እንደሚፈስና ሠራተኛው ለምን እንደሚታመም የሚያውቀው አንዱ የሚናገረው ነገር ይለያል።

የማሳስበው

ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ማን ምን ያድርግ? የሁለተኛ ደረጃ መምህራን፣ ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ ስትሸኙ የትምህርት ክፍል ምርጫቸውን ብቻ ሳይሆን ስለ ሁለተኛ ትምህርታቸውም አማክሯቸው። በእርሻ ሥራ የተሰማራችሁ ባለሀብቶች፣ በአጨዳ ወቅት ሁለትና ሦስት ተማሪዎችን ከየትኛውም ትምህርት ክፍል ለልምምድ ተቀበሉ፤ የካምፑን አቀማመጥና የሕመም ቀናትን ይመዝግቡላችሁ፣ መዝገቡም ለእናንተው ይጠቅማል። የጤና ጣቢያው ባለሙያዎች፣ ሥራ ቀለል ባለበት ሰዓት ተማሪዎችን ወደ ማይክሮስኮፑ አቅርቧቸው፤ እነዚያን ሁለት ነጥቦች በዓይኑ ያየ ልጅ ምርመራ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ለሚመጣው ምዝገባ አንድ የባዮሎጂ ኮርስ ምረጡ፣ አንድ ብቻ። ከእሱ ጋር የቆላችሁን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ ሰሊጥ፣ እጣን፣ ትንኝ፣ እባብ፣ አፈር፣ የወደዳችሁትን። በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርዕስ ስትመርጡም ይህንኑ ጥያቄ በዋናው ሙያችሁ መንገድ መርምሩት። የሰሊጥ ካምፕ የበሽታ ወጪን የሚያሰላ የአካውንቲንግ ጥናት፣ የካላዛር ካሳን የሚመረምር የሕግ ጥናት፣ የመንገድ ዳር ጉድጓዶችን የሚለካ የምሕንድስና ጥናት እዚህ ይፈለጋል። ይህን ቆላ ከእናንተ ይበልጥ የሚያውቀው የለም፤ እውቀታችሁን በትምህርት አጽኑትና ለወገናችሁ ጤናና ለእርሻው ምርት አውሉት።